ጫማ በሰው ፊት አይወለቅም

እህቴ ስታኮርፍ ትበልዝ ነበር። መጀመሪያ ከንፈሯ፣ ቀጥሎ ጥፍሮቿ፣ ከዚያ የጆሮዋ ጫፍ ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት ይመስላል፤ ቁጢጥ ትልና ጉልበቷን አቅፋ ጭጭ ትላለች። ትንፋሿን ይዛ የምትቀጣን ይመስለኝ ነበር። እሷ አራት ዓመቷ ነበር፣ እኔ ስምንት። ቤት ውስጥ «ኩርፊያ» ነው የምንላት። በመዝገብ ስሟ የምትጠራው ሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ እዚያም ሲጠሯት ሌላ ሰው የተጠራ ይመስል ዞር ብላ ታያለች።

ኩርፊያ አልነበረም። ከልቧ ወደ ሳንባዋ የሚወስደው ቧንቧ ከተፈጠረች ጀምሮ ጠባብ ነው፣ በልቧ ክፍሎች መካከል ደግሞ ቀዳዳ አለ፤ ስታለቅስ ወይም ስትሮጥ አየር ያላገኘ ደም ወደ መላ ሰውነቷ ይሄዳል። ቁጢጥ ማለቷ ማንም ያላስተማራት መላ ነበር፤ እግር ሲታጠፍ ደሙ ተገፍቶ ወደ ሳንባ ይሄድላታል። ይህን ያወቅሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ፋይሏን ኮፒ አስደርጌ ከዳር እስከ ዳር ሳነበው ነው። ከዚህ በታች ያኔ ላውቀው የማልችለውን ነገር ስናገር ወይ ከፋይሉ ነው፣ ወይ እናቴን ነዝንዤ ያገኘሁት።

አባቴ ጫማ ሰፊ ነው። ሱቁ ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ የሚቆምባት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ማስቲሽ፣ ሰምና አዲስ ቆዳ ትሸታለች። ለደንበኛ እንደማንኛውም ጫማ ሰፊ ይሠራል፤ ሶል ይቀይራል፣ ታኮ ይመታል። ለቤተሰቡ ግን ሌላ ዓይነት ጫማ ነበረው፤ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚወጣ፣ እስከ ላይ የሚታሰር፣ ላዩ ፊት እስኪያሳይ የተወለወለ። በቆዳውና በገበሩ መካከል፣ ግራና ቀኝ፣ ከአሮጌ የመጋዝ ምላጭ የቆረጣቸውን ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ይሰፋበታል። ብረቶቹን ሲያስገባ የሱቁን በር ገርበብ ያደርጋል። ከኔ በቀር ያየው የለም።

ያን ጫማ የምናደርገው አባቴ፣ ታላቅ እህቱ አክስቴ፣ እኔና ኩርፊያ ነበርን፤ አያቴም በሕይወት ሳለ ያደርግ ነበር። እናቴ ከገበያ የተገዛ ነው የምታደርገው። ለምን እንደማይሰፋላት ስጠይቀው «የእናትሽ እግር ጫማ አይመርጥም» አለኝ። አዘንኩላት።

ሕጉ አንድ ነው፤ ጫማ በሰው ፊት አይወለቅም። ጎረቤት ቤትም፣ ትምህርት ቤትም፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት የዘመድ ሳሎን ውስጥም። «እናንተ የሱቄ ማስታወቂያ ናችሁ» ይለናል አባቴ፣ «ማስታወቂያ ደግሞ አይወርድም።» ከመንገዱ ማዶ ሌላ ጫማ ሰፊ ነበር፤ «ባለመነጽሩ» እንለዋለን፤ የአባቴን ሥራ እየኮረጀ ይሸጣል ይባላል። ስለዚህ ነገሩ ለኔ ግልጽ ነበር። ብረቶቹ የሙያ ምስጢር ናቸው፤ ባለመነጽሩ ያወቀ ቀን ሱቃችን ይዘጋል። ከክፍላችን ልጆች ሁሉ ምስጢር ተጫምታ የምትሄድ እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ይህ ደግሞ አንገቴን ቀና ያደርገኝ ነበር።

ኩርፊያ የልብ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት ሳምንት ሲቀራት አክስቴ ሱቅ መጣች። እኔ ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር ሚስማር በየቁመቱ እየለየሁ ነበር። አክስቴ ስትቀመጥ ከወንበሩ ይልቅ የሚያቃስተው አባቴ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀልድ አልነበረም። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ብዙ አወሩ፤ የእሷን ልጅ ሊያገባ ስላሰበ ሰው፣ ስለ ሰውየው ቤተሰብ ጠያቂነት፣ ወሬ ከሐኪም ቤት እንዴት እንደሚወጣ። አባቴ መዶሻውን እያነሳ መልሶ ያስቀምጠዋል፣ አይመታበትም።

«ከጠየቁኝስ እትዬ?» አለ።

«ስለ ልብ ይጠይቁሃል፣ ስለ ልብ ትመልሳለህ። እግርን ከልብ ምን አገናኘው? የልብ ሐኪም ጫማ ያስወልቃል?»

«ያኛውም እኮ የሄደው ለሆዱ ነበር።»

የአክስቴ ጫማ ከአፍንጫዬ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ሲረግጠው አየሁ።

«ለሚስትህስ ምን ልትላት ነው?» አለች። «ከስንት ዓመት በኋላ?»

«ያኛው» ማን እንደሆነ አልገባኝም። ምስጢሩን ለባለመነጽሩ አሳልፎ የሰጠ የድሮ ተለማማጅ አድርጌ ሳልኩት፤ በሆዱ ተታሎ የሸጠን ሰው። ሐኪሞቹ ደግሞ የዚህ ሁሉ ተካፋይ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ ጠረጠርኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድን። ነርሷ ኩርፊያን ልትመዝናት ጫማዋን አውልቁላት ስትል አባቴ ቀደማት፤ ጫማው አራት መቶ ሃያ ግራም ነው፣ ከዚያ ላይ ቀንሱት አላት። ነርሷ ሳቀች። እንዲህ ያለ አባት አይቼ አላውቅም ብላ እንዳላት ቀነሰች። እኔም በአባቴ ኮራሁ፤ ምስጢሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር አዳነው።

ከዚያ ወደ ማደንዘዣ ሐኪሟ ክፍል ገባን። ረጅም ሴት ናት፤ እስክሪብቶዋን እንዳይጠፋባት በገመድ አንገቷ ላይ አንጠልጥላዋለች። ፎርም ይዛ ትጠይቃለች፣ ታደምጣለች፣ ምልክት ታደርጋለች። የማይስማማት ምግብ አለ? ጉንፋን ይዟታል? ጥርሷ የተነቃነቀ አለ? አባቴ ፈጠን ፈጠን እያለ ይመልሳል። እናቴ ኩርፊያን ጭኗ ላይ አስቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትጎነጉናለች።

«ከቤተሰብ የነርቭ ወይም የጡንቻ ሕመም ያለበት ሰው አለ?» አለች ሐኪሟ። «እግሩ ወይም እጁ የሚደክምበት፣ እየተደናቀፈ የሚወድቅ? ማደንዘዣ ተሰጥቶት የተጎዳ?»

«በኔ በኩል የለም» አለች እናቴ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «የለም» አለ።

ሐኪሟ ቀና ብላ አየችው። ጥያቄውን ልትደግመው መስሎኝ ነበር፤ ውጭ ግን ወረፋ የያዘ ሰው በር አንኳኳ፣ እሷም አቀረቀረች። ምልክቱ ዛሬም ፋይሉ ላይ አለ። «የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ፣ ትንሽና ንጹሕ ናት።

አለ ማለት ነበረበት። የአባቴ ቤተሰብ ከአያት ወደ ልጅ የሚወርድ የነርቭ ሕመም አለበት። ከጀርባ አጥንት ተነስተው እስከ እግርና እጅ ጫፍ የሚሄዱት ረጃጅም ነርቮች ከዓመት ዓመት ይመነምናሉ። መሐል እግር እንደ ድልድይ ይቆለመማል፣ ጣቶች ይታጠፋሉ፣ የእግር ፊተኛው ክፍል ወደ ላይ መነሳት ያቅተውና መሬት ይጠርጋል። የመጋዝ ምላጮቹ የሚይዙት እሱን ነበር። አያቴ ያን ጫማ የፈለሰፈው ሰው አይቶ እንዳይለየን ነው፤ አባቴ ከእሱ ተማረ፣ አሳመረውም። ሕመሙ በአንዳንዱ ሰው ከእግር አልፎ ትንፋሽን የሚያንቀሳቅሰውን ነርቭ ይነካል፤ ለጤነኛ ሰው ምንም የማይሉ አንዳንድ የጡንቻ ማፍቻ መርፌዎች ደግሞ በእንዲህ ያለ ሰው ላይ አደጋ ናቸው። ማደንዘዣ ሐኪም ቀድሞ ካወቀ መድኃኒቱን ይለውጣል፣ ሌላ ዝግጅት ያደርጋል። ካላወቀ እንደማንኛውም ሕፃን ያስተኛል።

ኩርፊያን እንደማንኛውም ሕፃን አስተኟት።

በቀጠሮው ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ክፍል በር ላይ ሌላ ነርስ ጫማዋን ፈታ ለእናቴ ሰጠቻት። ሰው ሁሉ እያየ። ኩርፊያ ባዶ እግሯን ስታይ ከንፈሯን አሞጠሞጠች፤ አባቴ ፊቱን አዞረ። ስድስት ሰዓት ፈጀ። ቀዶ ሐኪሙ ወጥቶ ቀዳዳው ተደፍኗል፣ ቧንቧው ሰፍቷል፣ ልቧ በደንብ ይመታል አለ፤ እናቴ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። በዚያው ቀን ከእሷ ጋር የገባ ሌላ ልጅ በማግስቱ የመተንፈሻ ቱቦው ወጥቶለት ጭማቂ ጠጣ። የኩርፊያን በሦስተኛው ቀን ሊያወጡት ሞከሩ፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆይ መለሱት። በአምስተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ።

እኔ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። እናቴ ስልክ ስትደውል ከጎን ቆሜ እሰማለሁ። «ልቧ ደህና ነው ይሉኛል፣ ግን አልተነፍስም ብላለች፤ ማሽኑን ሲያላቅቁላት እምቢ ትላለች።» ይህን ስሰማ ሁሉም ነገር ፍንትው አለልኝ። እነዚህ ሁሉ የተማሩ ሰዎች ያልገባቸው ነገር ለኔ ገባኝ። በሰው ፊት ጫማዋን አውልቀውባታል፤ አኩርፋለች። ኩርፊያ ስታኮርፍ ምን እንደምታደርግ የሚያውቅ ያውቃል።

በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ለእናቴ ንጹሕ ልብስ ልታደርስ ስትነሳ ቦርሳውን እኔ ልያዝ ብዬ ተማጸንኳት። የኩርፊያን ጫማ ከልብሱ ሥር ወሽቄው ነበር። ሐኪም ቤቱ ደጅ ስንደርስ አሳንሰሩ አይሠራም። አክስቴ ደረጃውን ቀና ብላ አየችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ለእናትሽ ሰጥተሽ ቶሎ ነይ አለችኝ። ስንፍና መሰለኝ። ደረጃ ሲወጣ ጫማዋ እንኳ እግሯን መሸከም ያቅተው እንደነበር ዛሬ አውቃለሁ።

እናቴ ቦታዋ ላይ የለችም። ወረቀት ልትፈርም ተጠርታለች አለኝ በሩ ላይ ያለው ጥበቃ። የማደንዘዣ ሐኪሟ ግን ከጽኑ ሕሙማን ክፍል እየወጣች ነበር፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ሻይ በፕላስቲክ ኩባያ ይዛለች። ፊቷ ቆምኩና ጫማውን አውጥቼ ዘረጋሁላት።

«አድርጉላት» አልኳት። «ኩርፊያው ይለቃታል። ከዚያ ትተነፍሳለች።»

«አሁን ጫማ አያስፈልጋትም የኔ እናት» አለች። ልትመልስልኝ ተቀብላ ስታነሳው እጇ አየር ላይ ቀረ። ኩባያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። ጫማውን በሁለት እጇ ይዛ ልታጥፈው ሞከረች፤ አልታጠፈም። በአውራ ጣቷ ጎንና ጎኑን ተጫነችው።

«ውስጡ ምንድን ነው?»

«ምስጢር ነው። ለባለመነጽሩ ትናገሪያለሽ።»

«እኔ ባለመነጽሩን አላውቀውም።»

እሷ ራሷ መነጽር ማድረጓን ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ደነገጥኩ። ግን ከጀርባዋ በር አለ፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ እህቴ አልተነፍስም ብላ ተኝታለች። ሱቁንና ኩርፊያን በልቤ መዘንኳቸው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሁለቱንም እወዳለሁ።

«ብረት ነው» አልኩ። «ከአባቴ በቀር ማንም አይችልበትም። ለኔም አለኝ። ለአክስቴም፣ ለራሱም፣ ለአያቴም ነበረው።»

«ለእናትሽስ?»

«የእሷ እግር ጫማ አይመርጥም።»

ሐኪሟ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለች። ጫማዬን እንዳወልቅ ጠየቀችኝ፣ እኔም በሰው ፊት አይሆንም አልኳት። አልተቆጣችም፤ መጀመሪያ የራሷን አወለቀች። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት ነውር መሰለኝ። እግሬን በእጇ ያዘች፣ ጣቶቼን ወደ ላይ አንሽ አለችኝ፣ ጉልበቴ ሥር በጣቷ መታ መታ አደረገች። ቀጥሎ ነይ በተረከዝ ብቻ እንሂድ ብላ ራሷ ጀመረች፤ ረጅም ሴትዮ ጣቶቿን ወደ ጣሪያ ቀስራ እንደ ዳክዬ ስትሄድ ጥበቃው አፉን ሸፈነ። እኔ አቃተኝ። የእግሬ ፊተኛው ክፍል ወለሉ ላይ ጠፍ ጠፍ ይላል። ወለሉን ሰም ቀብታችሁት ነው አልኳት።

«አዎ፣ ያንሸራትታል» አለችኝ። ሐኪም ሲዋሽ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ተነስታ የኩርፊያን ጫማ ብብቷ ሥር ይዛ፣ በካልሲዋ፣ በኮሪደሩ ሮጠች።

አባቴ ማስቲሽ ከእጁ ሳይለቅ መጣ። አክስቴም ደረጃውን እንደምንም ወጥታ ደርሳለች። ሐኪሟ ጠባብ ቢሮ ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ እኔን ማንም ውጪ ስላላለኝ በሩ ጥግ ቆምኩ። የኩርፊያ ጫማ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ይህን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

ሥራው ሲነሳበት ሁልጊዜ የሚለው ነገር ሳያስበው ወጣው። «በእጅ የተሰፋ ነው» አለ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረቷን መልሰው ሊከፍቱት ነው» አለች ሐኪሟ። «የማትተነፍሰው ልቧ ላይ የቀረ ነገር ስላለ ነው ብለው ነው። ልቧ ከሆነ መከፈት አለበት። ነርቭ ከሆነ ግን በከንቱ ነው የምንከፍታት፤ ያን ደግሞ የምትችለው አይመስለኝም። በአንድ ጫማ ቀዶ ሐኪም አላስቆምም። የሚናገር ሰው እፈልጋለሁ። ወንድም እህት አለዎት?»

አክስቴ ቀደመችው። «ወንድማችን የሞተው በመኪና አደጋ ነው።»

«እንዴት እንደሞተ አልጠየቅኩም» አለች ሐኪሟ።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ማሽን በልክ በልኩ ይጮኻል። አባቴ እጁን ያያል፤ የደረቀውን ማስቲሽ ከአውራ ጣቱ ላይ ሊልጥ ይሞክራል፣ አይላጥለትም። አክስቴ ስሙን ጠራችው፤ እናቱ ትጠራው በነበረው አጠራር።

«መኪና አይደለም» አለ አባቴ።

ከዚያ የተናገረውን ያኔ ግማሹን እንኳ አልተረዳሁትም። ታናሽ ወንድም ነበረው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ላይ ለትርፍ አንጀት ገባ፣ መርፌ ወጉት፣ ሆዱ በደንብ ተሰፋ፣ ትንፋሹ ግን አልተመለሰም። ከመግባቱ በፊት አያቴን ከቤተሰብ ሕመም ያለበት አለ ወይ ብለው ጠይቀውታል፤ አያቴ «የለም» ብሏል። ከቀብር መልስ በመኪና ሞተ እንበል ተባባሉ፤ ጫማውም፣ መኪናውም፣ «የለም»ም እንደ ቤት ዕቃ ለአባቴ ወረደ። አባቴ ይህን ሁሉ ሲናገር ለሐኪሟ አይመስልም፤ ለጫማው ነው የሚነግረው።

እናቴ ደረቷን የመክፈቻውን ስምምነት ወረቀት እንደያዘች በሩ ላይ ቆማለች። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም።

«በመኪና ነው ያልከኝ» አለች።

አባቴ ሊነሳ ሞከረ። በእጇ መለሰችው።

«እግርህን አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ካልሲህን የማጥበው እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን ተረከዙ ሲያልቅ አላየሁም፣ ጫፉ ነው የሚያልቀው። እሱን ብትደብቀኝ ግድ የለኝም ነበር። ወንድምህን ነው የደበቅከኝ። ልጄን አሳልፌ የሰጠሁት አንተ ከጎኔ ተቀምጠህ ነው።»

ወረቀቱን ሳትፈርም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። እኔ በሩ ጥግ ሆኜ የሚሰማኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ምስጢሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ አሁን ሱቁ ይዘጋል፣ እናቴና አባቴም የተጣሉት በሱቁ ነው። ደረጃውን ስንወርድ አክስቴ «አፍሽ ቢያርፍ ምን ነበረበት» አለችኝ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም፣ ለመውረድ ያስፈልጋት ነበር።

በዚያው ምሽት ሐኪሞቹ አልጋዋ ዙሪያ ተሰብስበው ኩርፊያ እግር ላይ ሽቦ አስረው ነርቮቿን በትንሽ ኤሌክትሪክ ፈተኑ፤ ምልክቱ እየተጎተተ መጣ። ማሽኑን ለአፍታ ላላ አድርገው ከደረቷ ሥር ያለውን የትንፋሽ ጡንቻ በአልትራሳውንድ ሲያዩት አይንቀሳቀስም። ማሽኑ አየር እየገፋላት ስለነበር ራጁ ላይ ሳይታይ ቀርቷል። ልብ ሲጠገን እንዲያርፍ በበረዶ ያቀዘቅዙታል፤ ወደ ትንፋሽ ጡንቻ የሚወርደው ነርቭ ደግሞ በልብ ጎን ነው የሚያልፈው። የሌላ ልጅ ነርቭ ያን ብርድ በቀናት ይረሳዋል። የእኛ ግን ሲወለድም ቀጭን ነበር። ፋይሉ ላይ ከሁለት ሰዓቱ ቀጠሮ ፊት ለፊት «ተሰርዟል» ተብሎ ተጽፏል፣ ከሥሩ የማደንዘዣ ሐኪሟ ፊርማ አለ፤ ከችኮላዋ የተነሳ ወረቀቱን ቀዶታል።

ቀጥሎ የነበረው ሥራ መጠበቅ ነው፤ እኔ ደግሞ ለመጠበቅ አልተፈጠርኩም። ሐኪሟ ቃል አልገባችም። ነርቩ ሊያገግም ይችላል፣ ላያገግምም ይችላል አለች። አልፎ አልፎ ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ፣ በኋላ ለአሥር፣ በኋላ ለግማሽ ሰዓት እያላሉ ያለማምዷታል። አንድ ቀን ሳንባዋ ተበከለና ትኩሳቱ አልወርድ አለ፤ እናቴ በዚያ ሳምንት ከአባቴ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ጫፍና ጫፍ ተቀምጣ አንድም ቃል አልተናገረችውም። ውሃ ሲያመጣላት ግን ትጠጣለች። አክስቴ መምጣት አቆመች። ልጇ ኋላ ያንኑ ሰው አገባች፤ ሰውየው እግር ቀርቶ ራሱ ላይ ያለውን ባርኔጣ የሚረሳ ሰው ነበር።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ቱቦውን አወጡት። ከመስታወቱ ጀርባ እንድቆም ተፈቅዶልኛል። ኩርፊያ ሳለች፣ አፏን ከፈተች፣ ምንም አልመጣም። ከንፈሯ መበለዝ ጀመረ። ነርሷ ቱቦውን መልሳ ለማንሳት እጇን ዘረጋች፤ ሐኪሟ ያዘቻት። እኔ ትንፋሼን ይዣለሁ፤ እልኋን አውቃለሁ፣ ማን ቀድሞ እንደሚለቅ እናያለን ብያለሁ። ቀድሜ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ከዚያ የደረቷ ፋሻ ከፍ አለ። ዝቅ አለ። እንደገና ከፍ አለ፣ በአንድ ጎን ብቻ፣ እንደ አንካሳ ሰው እርምጃ። ሐኪሟ የነርሷን እጅ ሳትለቅ እስከ መቶ ቆጠረች።

ተራ ክፍል ከወረደች በኋላ አንድ ሽማግሌ የነርቭ ሐኪም ጎበኘን። በምግብ ጠረጴዛዋ ላይ ትልቅ ነጭ ወረቀት ዘርግቶ በእርሳስ ቤተሰባችንን ይስል ጀመር፤ ለወንድ አራት ማዕዘን፣ ለሴት ክብ፣ በመካከላቸው መስመር። አባቴ ይናገራል፣ እሱ ይስላል። ሕመሙ ያለበትን እንሞላዋለን አለ ሽማግሌው። አያቴን ሞላው። አጎቴንም ሞላው፤ የሞቱ ስለሆኑ በሁለቱም ላይ አግድም ሰረዘ። አክስቴን ሞላት። አባቴ የራሱን ራሱ በጣቱ አሳየው። ኩርፊያን ሞላት። እናቴ ባዶ ክብ ናት።

«ትልቋስ?» አለ ሽማግሌው።

«እሷ ደህና ናት» አለ አባቴ። «እሷን ይተዉዋት።»

ሽማግሌው ወደ ጫማዬ አየ፣ ወደ አባቴ አየ፣ እርሳሱን አስቀመጠ።

እኔ ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥዬ ወረቀቱን መረመርኩት። ነገሩ ቀላል ነበር። የተሞሉት ሁሉ አባቴ ጫማ የሰፋላቸው ሰዎች ናቸው፤ አጎቴንም ሰፍቶለት ይሆናል። ባዶዋ እናቴ ናት፣ እሷ ከገበያ ነው የምትገዛው። ታዲያ እኔ ምን አጥፍቼ ነው ባዶ የቀረሁት? ምስጢሩን ስላወጣሁ ከቤተሰቡ አስወጥተውኛል ማለት ነው።

«እኔን ረሳኸኝ» አልኩት አባቴን። «ሙላኝ።»

«አንቺ ይቆይሽ» አለኝ።

«ለምን ይቆየኛል? ታላቅ እኮ እኔ ነኝ።»

ማንም አልሳቀም። በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እየጠየቅሁ እንደሆነ የማላውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ከመስኮቱ ዞረች፣ አባቴን አየችው፤ ከዚያ ቢሮ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጥታ ዓይኑን። ዓይኗንም ከዓይኑ አልነቀለችም።

አባቴ እርሳሱን አነሳ። ሕመሙ የነካው አውራ ጣቱ መጫን ስለማይችል እንደ ወስፌ በጡጫው ጨበጠው። ቀስ እያለ፣ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል፣ ከመስመሩ አንድም ቦታ ሳይወጣ ሞላኝ። ረጅም ጊዜ ፈጀበት። ሲጨርስ እርሳሱ ከእጁ አልወርድ አለው፤ እኔ ግን ወረቀቱን ከፊቱ ስቤ ለኩርፊያ ወስጄላታለሁ። ድምጿ ገና አልተመለሰላትም፤ በዓይኗ ብቻ ታየኛለች።

«አየሽ?» አልኳት በጣቴ እያሳየኋት። «እኔም አለሁበት።»